ምን ነካህ አሉኝ

እህት ዓለሜ፣

ልጅሽ ከድቶኛል። ከሰላምታዬ በፊት ይህን ያስቀደምኩት ደብዳቤውን ለቤተሰቡ ከማንበብሽ በፊት ብቻሽን እንድታነቢው ብዬ ነው። በሰፈሩ ሕዝብ ፊት፣ የጆሮዬን ድካም ተጠቅሞ፣ መንገዳችንን በገዛ እጄ አስዘጋኝ። ነገሩ ይኸው ነው። የቀረው እንዴት እንደሆነ መንገር ነው።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበዪኝ። እንደምን ነሽ? ያ ጎንበስ ስትዪ የሚይዝሽ ወገብሽ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ከአልጋ ስትነሺ ግድግዳ ትይዣለሽ? ባለቤትሽ ሳሉ እንዴት ሆነለት? መንትዮቹ ትምህርቱን ይዘውታል ወይስ እንደ ልማዳቸው አንዷ አጥንታ ሁለቱም ይፈተናሉ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ ከጉልበቷ በቀር ምንም አልሆነችም። እኔም ከጆሮዬ በቀር ምንም አልሆንኩም። በመጨረሻው ደብዳቤሽ «ወንድም ጋሼ፣ ስልክ ስደውል ለምን አታነሳም? ተቀይመኸኝ ነው?» ብለሽ ነበር። አልተቀየምኩሽም። ስልኩ ሲጮኽ አልሰማውም። ይህንንም ዛሬ ነው የምነግርሽ።

መንገዱን ታውቂዋለሽ። ከእኛ በር ተነስቶ በሻይ ቤቱና በፀጉር ቤቱ መካከል አልፎ፣ የትምህርት ቤቱን አጥር ተከትሎ ወርዶ፣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ የሚወጣው ነው። በእኔ እርምጃ አራት መቶ ሰባ ነው። ድንጋዩን ስናነጥፍ አንቺም እዚህ ነበርሽ፤ በቀኝ እጅሽ አመልካች ጣት ላይ ያለው ጠባሳ ከዚያ ድንጋይ ነው። የሳሙና ፋብሪካው አጥር በስተቀኝ እንደነበረ ነው። ዘንድሮ ፋብሪካው ልስፋ አለና ከመንገዱ ማዶ ያለውን ባዶ መሬት ያዘ። አሮጌውን ግቢና አዲሱን መሬት የሚለያየው የእኛ መንገድ ብቻ ሆነ። ስለዚህ መንገዱ ይዘጋ፣ መጋዘን ይሠራበት፣ ሰፈሩ በቦዩ በኩል ዞሮ ይውጣ ብለው መጡ። በቦዩ በኩል መዞር ለእኔ ሃምሳ ደቂቃ ነው። በሳምንት ሁለት ቀን ጤና ጣቢያ ለምትመላለሰው ለባለቤቴ ስንት እንደሚሆን ያን ጊዜ አልለካነውም ነበር።

ደንቡን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሰው የሚኖርበት መንገድ የሚዘጋው በመንገዱ ላይ በር ያለው ሁሉ በስብሰባ ሲስማማ ነው። በሩ ሃያ ሁለት ነው። አንዱ እንቢ ካለ ጉዳዩ ወደ በላይ ጽሕፈት ቤት ይመራል፤ እዚያ የገባ ወረቀት ደግሞ ዓመት ሳይተኛ አይነሳም። ፋብሪካው ዓመት አይጠብቅም። ከሰፈሩ የሚፈለገው እንግዲህ አንድ እንቢ ብቻ ነበር። እንቢ ማለት ደግሞ የእኔ ሥራ ነው። «አልፈርምም» የሚል ቅጽል ስም ያወጡልኝ በከንቱ አይደለም፤ ልጆቹ ሳይቀሩ በዚሁ ነው የሚጠሩኝ፣ ዞር ስል።

ስለ ጆሮዬ ልንገርሽ። ሃምሳ ዓመት ቆርቆሮ ቀጥቅጫለሁ። ባልዲ፣ የጣሪያ ውኃ መውረጃ፣ የምድጃ ጭስ ማውጫ። ቆርቆሮ ሲመቱት ዝም ብሎ አይመታም፤ ይመልሳል። የግራ ጆሮዬ ከሞተ ሰባት ዓመቱ ነው። ቀኙም ሰው ፊቴ ቆሞ አፉን ካላሳየኝ በቀር የሚይዘው ጫጫታ ብቻ ነው፤ አዳራሽ ውስጥማ እንኳንስ ቃል ሊለይ። ለማንም አልተናገርኩም። ፊደልን ከዘይት ቆርቆሮ ላይ እየለቀምኩ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ማንም አላስተማረኝም፣ ማንም እንዲያዝንልኝም አልፈልግም። ሰው ሲያናግረኝ ካልሰማሁት «አስቤበት እነግርሃለሁ» እላለሁ። ከዚህ የተነሳ ሰፈሩ ሳያስብ የማይናገር ጠቢብ አደረገኝ። እኔ ግን የማስበው ሰውዬው ምን ብሎኝ ይሆን ብዬ ነበር።

ይህን የሚያውቅ ልጅሽ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ከኋላዬ ሆኖ ሲጠራኝ ስላልዞርኩለት፣ ዞሮ መጥቶ ፊቴን አየኝ።  ከዚያ ቀጥሎ በነበረው ስብሰባ መጥቶ በግራዬ ተቀመጠ። እጅ የሚወጣበት ጊዜ ሲደርስ ከአግዳሚው በታች ጉልበቴን አንድ ጊዜ ነካ አደረገኝ። እጄን አወጣሁ። ሁለት ጊዜ ከነካኝ ተቀመጥ ማለት ነው። ተነጋግረን የወሰንነው አይደለም፤ እንዲሁ ተግባባን። ስድስት ዓመት እንዲህ አብረን ተቀመጥን። ስለ ውኃ ቧንቧው፣ ስለ ትምህርት ቤቱ ጣሪያ፣ ስለ መብራቱ ምሰሶ። አንድም ቀን አልተሳሳተም። ሐሳቤን ሳልነግረው ያውቀዋል። እውነቱን ልንገርሽና፣ ጆሮዬ በሚሰማበት ዘመንም እንደ እሱ የታመነ ጆሮ አልነበረኝም።

ስብሰባው በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ነበር። የሕፃናቱ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ጉልበታችን አገጫችን ደርሷል። ከቤት ስንወጣ «የሚቃወም ሲባል ንካኝ» ብዬዋለሁ። «እሺ ጋሼ» አለኝ። ከአፉ ላይ አይቼዋለሁ፤ እሺ ነው ያለው። ከፋብሪካው የመጣው ኢንጂነር ጥቁር ሰሌዳው ላይ ትልቅ ሥዕል ሰቀለ። በሥዕሉ ላይ መንገዳችን የለም። መጋዘኑ አለ፣ የጭነት መኪናው መዞሪያ አለ፣ ዛፍ ሳይቀር ተተክሏል፤ እኛ የምናልፍበት ግን የለም።

የተባለውን ኋላ ነው ባለቤቴ የነገረችኝ፤ እዚያ ሳለሁ ያየሁት የአፍ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ኢንጂነሩ ለሠላሳ ሰው ሥራ ይከፈታል አለ። የሻይ ቤቷ ባለቤት ተነስታ «ሥራውስ ይምጣ፤ ሠላሳው ሰው ሻይ ሊጠጣ በየት በኩል ነው የሚመጣልኝ፣ ግድግዳ ዘሎ?» አለች። ፀጉር አስተካካዩም «እኔስ ደንበኞቼን ቦዩ ውስጥ አቁሜ ላስተካክል?» ብሎ አሳቀ። ከዚያ መካኒኩ ተነሳ። ልጁ ትምህርቱን ጨርሶ ቤት ከተቀመጠ ሁለት ዓመቱ ነው። «መንገድ መንገድ ትሉኛላችሁ፤ ልጄ በመንገዱ ወጥቶ በመንገዱ ይመለሳል እንጂ ምን አገኘበት?» አለ።  ሥራ ያልያዘ ልጅ የሌለው ቤት በሰፈራችን ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ በመካኒኩ ፊት ሥራውን ማን እንቢ ይላል? ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ፤ ቀጥሎም ሁሉም እኔን አየ።

ሰብሳቢው ጡረታ የወጣው የሒሳብ መምህር ነው፤ ጢሙ ከንፈሩን ስለሚሸፍነው ከእሱ አፍ ምንም አይነበብም። ተነስቶ አንድ ነገር ተናገረ። ልጅሽ ጉልበቴን አንድ ጊዜ ነካኝ። እጄን አወጣሁ።

እህቴ፣ ዙሪያዬን ስመለከት እጅ ሁሉ ወጥቷል። ፀጉር አስተካካዩ አውጥቷል፣ የሻይ ቤቷ ሴትዮ አውጥታለች፣ መካኒኩ ሳይቀር አውጥቷል። ሃያ ሁለቱም በር! እኔ ብቻዬን እቆማለሁ ብዬ ነበር ከቤት የወጣሁት፤ ለካ ሰፈሩ ሁሉ ይቃወማል ብዬ ዓይኔ እንባ ሞላ። በዕድሜዬ እንደዚያን ደቂቃ ሰፈሬን ወድጄ አላውቅም። ሰዎቹ አፋቸውን ከፍተው ያዩኛል፤ አድናቆት መሰለኝ። ኢንጂነሩ እያጨበጨበ መጥቶ እጄን በሁለት እጁ ጨበጠኝ። ሽንፈቱን የሚቀበል ጨዋ ሰው ነው ብዬ «አይዞህ፣ መሬት ሞልቷል፤ ሌላ ቦታ ፈልጉ» አልኩት። ግራ ገብቶት አንድ ነገር አለኝ። «አስቤበት እነግርሃለሁ» አልኩት።

ወደ ቤት ስንመለስ ባለቤቴ በዚያ ጉልበቷ ጥላኝ ከፊት ከፊት ሄደች። ሻይ ቤቱ ጋ ስንደርስ ዞራ አገጬን ያዘችና ፊቷን ወደ ፊቴ አስጠግታ «ሰው ሁሉ እሺ ሲል እንቢ ስትል የኖርክ ሰውዬ፣ ዛሬ ምን ነካህ?» አለችኝ። ምን አደረግኩ አልኳት። «የሚደግፍ እጁን ያውጣ ሲባል እጅህን አላወጣህም?» አለች። ፀጉር አስተካካዩ ከኋላችን ደርሶ ነበርና እሱም ፊቴ ቆሞ «ምን ነካህ አንተ? እኛ እኮ እጃችንን ያወጣነው አንተን ተማምነን ነው» አለኝ። ሁሉም ያሰበው እንደዚያ ነበር። ከመካኒኩ አንቀያየም፣ ከፋብሪካው አንጣላ፣ እንቢውን «አልፈርምም» ይልልናል ብለው ሃያ አንዱም እጃቸውን አንስተው የእኔን አለመነሳት ይጠብቁ ነበር። በእኔ ላይ ጭነው እነሱ መልካም ሰው ሊሆኑ! ለዚህም አላመሰገንኳቸውም። ነገር ግን እነሱ የተማመኑብኝ ሰው እኔ ነበርኩ፤ እኔ የተማመንኩት ደግሞ ልጅሽን ነው። የከዳው እሱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ሳልጠራው ወደ ሥራ ቤቴ መጣ። ብርሃን ፊቱ ላይ እንዲያርፍ በበሩ ትይዩ ተቀመጠ፤ አፉን እንዳነብለት ነው። በዚህስ አልዋሸኝም፤ ይህን ያህል ልንገርለት። «ጋሼ፣ የፈረቃ አለቃ ሊያደርጉኝ ነው። አጎትህን አሳምን ብለውኝ ነበር» አለኝ። ታዲያ ለምን መጥተህ አላሳመንከኝም አልኩት። «እርስዎን ማን አሳምኖ ያውቃል?» አለ። ጠይቀኸኝ ታውቃለህ ወይ አልኩት። «ብጠይቅዎት አስቤበት እነግርሃለሁ ይሉኝ ነበር» አለኝ። ያንን ቃል ለምን እንደምናገረው የሚያውቅ ሰው ነው ይህን የሚለኝ። ከዚያ ደግሞ ለእርስዎ ብዬ ነው ማለት ጀመረ፤ ብቻዎን እንቢ ቢሉ ሰፈሩ ጥርስ ይነክስብዎታል፣ ሥራ ፈት ወጣቶች ያሉበት ሰፈር ነው፣ እያለ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ዓይኔን ስጨፍን ማንም ሊያናግረኝ አይችልም። ስገልጠው አሁንም ተቀምጧል። ውጣ አላልኩትም፤ ተነስቼ በሩን ይዤ ቆምኩ። ወጣ።

ደንቡ አሥር ቀን ይሰጣል። በስህተት እጁን ያወጣ ሰው ምክንያቱን በዚያው ስብሰባ ፊት ቆሞ ያስረዳል። ምክንያቴ አንድ ነው፤ እሱንም ለመናገር ጆሮዬ አይሰማም ማለት አለብኝ። ስምንት ቀን ከራሴ ጋር ተሟገትኩ። ቆርቆሮ ስቆርጥ ሁለት ጊዜ እጄን ቆረጥኩ። ባለቤቴ ያን ሳምንት ጤና ጣቢያ የሄደችው በቦዩ በኩል ነበር፤ ልለማመደው ብላ ነው። ጠዋት ወጥታ ለምሳ ሳትደርስ ቀረች። ስትመለስ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ነበረች። በዘጠነኛው ቀን ሰብሳቢውን ስብሰባ ጥራ አልኩት።

ሰፈሩ በሙሉ መጣ። ተነስቼ «ጆሮዬ አይሰማም፤ ሰባት ዓመቱ ነው» አልኩ። ድምፄን መጠን አልቻልኩም መሰለኝ፣ ፊት የተቀመጡት ደነገጡ። ሳቅ ጠበቅሁ። የሻይ ቤቷ ሴትዮ ከቦታዋ ተነስታ ፊቴ መጥታ ቆመችና «ጋሼ፣ ይህንን ማን የማያውቅ አለ? ሻይ ስሰጥዎት እንደ ዕብድ የምጮኸው ለምን መሰለዎት?» አለችኝ። ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ «እኔማ ስንት ዓመት ነው በግራ ጆሮህ በኩል ሆኜ የማማህ!» አለ። ያን ጊዜ ሳቁ፤ የክፋት ሳቅ አልነበረም። ባለቤቴ ብቻ አልሳቀችም። ሰባት ዓመት የደበቅሁትን ሰባት ዓመት እያወቁ ደብቀውልኝ ኖረዋል። በስብሰባ ግን ከአፍ እያነበብኩ የምከታተል መስሏቸው ነበር፤ ስለ ጉልበቴ ምልክት የሚያውቅ አልነበረም።

ሰብሳቢው ከንፈሩ እንደማይነበብ ራሱም ሳያውቅ አልቀረም፤ ጠመኔ አንስቶ ጥቁር ሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፈልኝ፦ «ታዲያ የዚያን ቀን ምን ነካዎት?» ከሥሩም ደንቡን ጻፈ። ያልሰማ ሰው ድገሙልኝ ማለት ነበረበት፤ በራሱ ስህተት ያወጣት እጅ ትጸናለች። ያሳሳተው ሰው ካለ ግን ስሙን ይናገር፤ እጁ ትሰረዛለች፣ ያሳሳተው በመዝገብ ይሰፍራል፣ ይጠየቃልም።

ሰው ሁሉ ምን ነካህ ሲለኝ ሰንብቷል። ማን ነካህ ያለኝ ግን አልነበረም። ሰብሳቢውም ቢሆን ሲጽፈው ያንን ማለቱ አልነበረም፤ የተለመደ አነጋገር ነው። እኔ ግን ሰሌዳውን ሳነብ የጠየቀኝ የእውነቱን ይመስል ነበር። መልሱ አንድ ስም ነው። ልጅሽ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ ሚስቱ ትንሿን ታቅፋ ከጎኑ ናት። አመልክቼ ባሳየው ይበቃ ነበር። ሃያ አንድ በር አፌን ይጠብቃል፤ ባለቤቴም በዚያ ጉልበቷ ቆማ ትጠብቃለች። እሱም አየኝ። አንገቱን አልደፋም፤ አልለመነኝምም።

«ማንም አልነካኝም» አልኩ። ተቀመጥኩ።

በስብሰባ ፊት ዋሽቼ አላውቅም ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ራሱን ይዞ ቀረ። መምህሩ ሰሌዳውን በመዳፉ አጠፋው።

ይቅር ብዬው እንዳይመስልሽ። ልጅሽን በዘጠኝ ዓመቱ እጄ ላይ ጥለሽ ስትሄጂ አደራ ብለሽኛል። አደራው እኔን በላኝ እንጂ እኔ አደራ አልበላሁም። ስሙ በዚያ መዝገብ ቢጻፍ ሥራውን ያጣል፣ ሰፈሩም አያስቀምጠውም፤ ሁለት ልጆች አሉት። ለእሱ አልራራሁም፤ ላንቺ የሰጠሁትን ቃል ነው የጠበቅሁት። ልዩነቱን እንድታውቂው እፈልጋለሁ፤ ነገ እሱ ራሱ ጽፎ ጋሼ ታርቆኛል ሊልሽ ይችላል። አልታረቅሁም። ሚስቱና ልጆቹ እንደ ድሮው ይመጣሉ፣ ከትንሿ ጋር ቆርቆሮ እየቆረጥን እንጫወታለን። እሱ ደጃፌን አይረግጥም።

ግድግዳው ቆሟል። ከሥራ ቤቴ በር እስከ ግድግዳው ሦስት እርምጃ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ አይገባም። ጤና ጣቢያ በምትሄድባቸው ቀናት ሥራዬን ዘግቼ ባለቤቴን ክንዷን ይዤ በቦዩ በኩል አዞራታለሁ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ይፈጅብናል። ሰው ሰላም ሲለን ማን እንደሆነ እሷ ትነግረኛለች፤ ድንጋይና ጉድጓዱን እኔ አሳያታለሁ። የሆነውን አልነገርኳትም። ታውቅ ይሆናል፤ ጠይቃኝ አታውቅም። ካንቺ በቀር የተናገርኩት ሰው የለም። ላንቺም የተናገርኩት እናቱ ስለሆንሽ፣ ከሌላ ሰው ተጣሞ ከምትሰሚው ከእኔ ቀጥ ብሎ ይድረስሽ ብዬ ነው።

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ሳሉን ችላ አይበል፣ ደረቱን ይሸፍን። ትልቋ ልጅሽ ለሠርጓ እንድንመጣ ጽፋልናለች፤ የባለቤቴ ጉልበት ከፈቀደ እንመጣለን፣ ካልፈቀደ በረከታችን ይድረሳት። ከመንትዮቹ የምታጠናዋን አይዞሽ በያት፣ የማታጠናዋን ደግሞ አጎትሽ ያውቅብሻል በያት። አማትሽን እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። ባለቤቴ ሁላችሁንም አንድ በአንድ ትስማለች። ስልክ አትደውዪ፤ ጻፊልኝ፣ ፊደልሽን አጉልተሽ።

ሽማግሌ እንዳትልኪብኝ። ስለ እሱም ሆነ ስለ መንገዱ የሚጠይቅ ደብዳቤ ከመጣ ያን መስመር ዘልዬ የቀረውን አነባለሁ፤ መልስ አይኖረውም። ይህን ነገር አንድ ጊዜ ጻፍኩት። ከዛሬ ጀምሮ እስክሞት ድረስ ላንቺም፣ ለእሱም፣ ለማንም አልናገረውም።

ወንድምሽ
ከቆርቆሮ ሥራ ቤቱ፣ ኅዳር 14 ቀን